ፕሬዝዳንቱ ምን ይችላሉ፣ ምን አይችሉም? ከአንድ የባሕር ዳር ማመልከቻ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ከፍርድ ቤት አጥር ማዶ ባለች አንድ በር ሱቅ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ቀደም ሲል ራፖር ጸሐፊ ይባሉ ከነበሩት ሰዎች ነኝ፤ ዣንጥላውና የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተርና በማተሚያ ተተካ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ወረቀቴን ስለሚበትነው በየክምሩ ላይ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ከድንጋዮቹ በአንዱ ሥር ያሉት “ለክቡር ፕሬዝዳንት” ተብለው የተጀመሩና ሳያልቁ የቀሩ ረቂቆች ናቸው። ባለጉዳዩ ይመጣል፣ “እስከ ላይ እሄዳለሁ” ይላል፣ እጀምርለታለሁ። መሐል ላይ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ ስመልስለት ሐሳቡን ይለውጣል። ከዚህ በታች ያለው በየሳምንቱ የምመልሰው ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ሕገ መንግሥቱን ግን ጥራዙ እስኪፈታ ድረስ ገልጬዋለሁ።

በየፍርድ ቤቱ ተሸንፌአለሁ። ፕሬዝዳንቱ ፍርዱን ይሽሩልኛል?

አይሽሩም፤ አይችሉም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው መጡ። ጉዳያቸው የቡና ማሳ ወሰን ነው። የፍርዱን ግልባጭ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፤ እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። “ልጄ፣ አሁን የቀረኝ ላይኛው ብቻ ነው” አሉኝ።

“ላይኛው ማን ነው እማማ?”

“ፕሬዝዳንቱ ነዋ! አባቴ ለጃንሆይ አቤት ብሎ አይደል መሬቱን ያስመለሰ።”

እውነታቸውን ነው። ንጉሡ ዙፋን ችሎት ተቀምጠው የበታች ዳኛ የፈረደውን ይመረምሩ፣ ይሽሩም ነበር። እናቲቱ ያደጉት ዳኝነት ከዙፋን ይወርዳል ሲባል እየሰሙ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 79 የዳኝነትን ሥልጣን ለፍርድ ቤቶች ብቻ ሰጥቷል፤ ዳኛውም ከማንኛውም የመንግሥት አካልና ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነፃ ነው ይላል። ከዚህ “ማንኛውም” ከሚለው ቃል ፕሬዝዳንቱም አያመልጡም። ዳኛ አይሾሙም፣ አያነሡም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትል ፕሬዝዳንት እንኳ የሚሾሙት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

መንገዱ ወዲህ ነው፦ በመጨረሻው ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰው ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት ይሄዳል። ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሷል የሚል ደግሞ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያመለክታል፤ ጉባኤው ትርጉም ያስፈልገዋል ያለውን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር እዚህ ጋ አለ። ጉባኤው አሥራ አንድ አባላት አሉት፤ ከእነርሱ ውስጥ ስድስቱን የሕግ ባለሙያዎች የሚሾሙት፣ በተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት፣ ፕሬዝዳንቱ ናቸው። ከሾሙ በኋላ ግን አብረው አይቀመጡም፤ የእናቲቱም የቡና ማሳ እጃቸው አይገባም።

ታዲያ ሥልጣናቸው ምንድን ነው?

ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች አሉት። ለፕሬዝዳንቱ የተሰጠው ምዕራፍ ሰባት ሦስት አንቀጽ ብቻ ነው፤ ከ69 እስከ 71። ተነሥቼ ሻይ አዝዤ እስክመለስ ድረስ ይነበባል።

አንቀጽ 69 ፕሬዝዳንቱ ርዕሰ ብሔር ናቸው ይላል፤ አበቃ። አንቀጽ 70 አመራረጣቸውን ይናገራል። ሥራው ያለው 71 ላይ ነው፦ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ የጋራ ስብሰባ ይከፍታሉ፤ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቃቸውን ሕጎችና ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃሉ፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችንና ሌሎች መልእክተኞችን ይሾማሉ፤ ከውጭ የሚመጡ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ሜዳይና ሽልማት ይሰጣሉ፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ ይሰጣሉ፤ ይቅርታ ያደርጋሉ።

ይህን ለሰው ሳነብ እርሳስ ይዤ ሁለት ሐረጎች ሥር አሰምርበታለሁ። አንደኛው “በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት” የሚለው፣ ሁለተኛው “በሕግ መሠረት” የሚለው ነው። መስመሮቹን ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልገውም። ከሰባቱ ሥራዎች በአብዛኞቹ ላይ ነገሩን የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ፕሬዝዳንቱ ይፈርማሉ፣ ያትማሉ፣ ይሰጣሉ። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። የአገር ማኅተም አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ማኅተሙንና በትሩን በሁለት እጅ ለያይተው ማስያዝ መርጠዋል። በትሩን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ናቸው፤ አንቀጽ 72 ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የእነርሱ ነው ይላል።

እንዲህ ከሆነ ሰው ሁሉ ለምን “ፕሬዝዳንቱ ያውቃሉ፣ ፕሬዝዳንቱ ያዝዛሉ” ይላል?

ቃሉ ስላሳሳተን ይመስለኛል። በስምንት ዓመት ውስጥ “ፕሬዝዳንት” የሚለው ቃል በአገራችን ሦስት ትርጉም ይዟል። በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት ፕሬዝዳንት የሆኑት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ የጦሩም የመንግሥቱም የፓርቲውም ቁንጮ። “ፕሬዝዳንት” ሲባል የሚንቀጠቀጠው ትውልድ ቃሉን የተማረው በዚያን ጊዜ ነው። እርሳቸው ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ሲወጡ የሽግግር መንግሥት መጣና መለስ ዜናዊ የሽግግሩ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ አሁንም ቃሉና ሥልጣኑ አንድ ላይ ነበሩ። ነሐሴ 1987 ዓ.ም. አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል መለስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሥልጣኑ አብሯቸው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሄደ፤ ቃሉ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ለነጋሶ ጊዳዳ ተሰጠ። ጆሯችን አልተከተለም። ዛሬም ሽማግሌዎች “ፕሬዝዳንቱ” ሲሉኝ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነው።

በዚያ ላይ የአሜሪካ ዜና አለ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጦር ያዝዛል፣ ሕግ ይመልሳል፣ ሚኒስትር ያባርራል። የእኛ ፕሬዝዳንት የሚመስሉት የጀርመኑን ፕሬዝዳንት ነው፤ እርሳቸውን ደግሞ ዜና ላይ እምብዛም አናያቸውም።

የጣና ዳር ሰው ግን ይህ ሊገርመው አይገባም ነበር። በዘመነ መሳፍንት፣ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ ዘውድ ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሹም ሽሩ፣ ግብሩና ጦሩ ግን ደብረ ታቦር ከተቀመጠው የየጁ ራስ ዘንድ ነበር። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ “ፍጻሜ መንግሥት” የተባሉት እየወረዱ እየወጡ ስንት ጊዜ እንደነገሡ ማስታወስ ይበቃል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ያኔ ራሶቹ ዘውዱን ባዶ ያደረጉት በጉልበት ነው፣ የዛሬው ግን ተጽፎ የተደነገገ ነው። ቢሆንም ማዕረጉ አንድ ቦታ፣ ሥልጣኑ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ይህ ሐይቅ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። ያኔ ሥልጣኑ የየጁው ራስ ነበር፤ ዛሬ ርዕሰ ብሔር የተባለው ማኅተሙን የያዘው ነው።

የወጣውን ሕግ አልፈርምም ቢሉስ?

ሕጉ ያለ እርሳቸው ፊርማ ይጸናል። አንቀጽ 57 ግልጽ ነው፤ ምክር ቤቱ ተወያይቶ ያጸደቀው ሕግ ለፊርማ ይቀርብላቸዋል፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ በአሥራ አምስት ቀን ካልፈረሙ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። መልሰው ወደ ምክር ቤቱ የሚልኩበት፣ “ይህ አንቀጽ ይስተካከል” የሚሉበት መንገድ አልተጻፈም። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሲመልሰው ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሻሩት ሕጉ ይሞታል። እኛ ጋ ያለው ዝም የማለት መብት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

በነገራችን ላይ የሕግ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው የማሳየው አንድ ነገር አለ። የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ። አዋጅ ከሆነ ከሥሩ ያለው ስም የፕሬዝዳንቱ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከሆነ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ከዚያ በታች ያለው መመሪያ ደግሞ የሚኒስቴሩ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ባለጉዳይ “ፕሬዝዳንቱ የፈረሙት ሕግ በደለኝ” እያለ የሚያመጣልኝ ወረቀት ከአሥር ዘጠኙ መመሪያ ነው፤ ፕሬዝዳንቱ አይተውትም አያውቁም። ነጋሪት ጋዜጣው በሁለት ዓምድ የሚታተም፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው የአማርኛው ነው። ስሙን ያገኘው ከሚጎሰመው ነጋሪት ነው። ጎሳሚው አዋጁን አልጻፈም፤ ሳይጎሰም ግን አዋጅ አዋጅ አይመስልም ነበር።

ማን ይመርጣቸዋል? እኛ ለምን አንመርጥም?

ተወካዮች ምክር ቤት በእጩነት ያቀርባል፤ ከዚያ ምክር ቤቱና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። እኛ በቀጥታ የማንመርጠው እነርሱን ስለመረጥን ነው። ተመራጩ የምክር ቤት አባል ከሆነ ወንበሩን ይለቃል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጋራ ስብሰባው ፊት ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ የሚባል መስፈርት በአንቀጹ ውስጥ የለም።

ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ምክር ቤቱ ግን ለአምስት ዓመት ነው የሚመረጠው። ስለዚህ አንድ ፕሬዝዳንት ሾሞት ከነበረው ምክር ቤት ቀጥሎ ከሚመጣው ጋርም ይሠራል።

እስካሁን እነማን ሆኑ?

ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም.፤ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሁለቱን ዘመን ጨርሰው እስከ 2006፤ ሙላቱ ተሾመ እስከ 2011፤ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ፣ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ከጥቅምት 15 ቀን 2011 እስከ መስከረም 27 ቀን 2017፤ ከዚያ ወዲህ ታዬ አጽቀ ሥላሴ። ሙላቱ ዘመናቸውን ሳይጨርሱ በፈቃዳቸው ሲለቁ ምክር ቤቶቹ በዚያው ዕለት ተተኪ መረጡ። ምክትል ፕሬዝዳንት የሚባል ሹመት የለም።

ጦር የሚያዝዙት፣ የአስቸኳይ ጊዜ የሚያውጁት እርሳቸው አይደሉም?

አይደሉም። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ አንቀጽ 74። ሰው የሚሳሳተው በቴሌቪዥን ማዕረግ ሲለጠፍ ስለሚያይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብርሃኑ ጁላ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ሲቀበሉ ማዕረጉን የሰጡት ፕሬዝዳንቷ ነበሩ፤ ያቀረቡት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ። ማዕረግ ሰጪና አዛዥ ሁለት ሰው ናቸው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ደግሞ ባሕር ዳር ያለ ሰው ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ኖረንበታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአማራ ክልልን የሚመለከተውን አዋጅ ያወጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 93ን ከፍቼ ቀኑን የቆጠርኩት ያን ሰሞን ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ሳለ የታወጀ ከሆነ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ለእርሱ መቅረብ አለበት። ያኔ ግን ሰኔ 30 አልፏል፣ ተወካዮቹ በዕረፍት ላይ ናቸው፤ ስለዚህ የሚሠራው የአሥራ አምስት ቀን ገደብ ነው። ተጠርተው ነሐሴ 8 ቀን አጸደቁት፤ በአሥረኛው ቀን። ለጽድቁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አዋጁ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ በየአራት ወሩ ሊያድሰው ይችላል፤ በጥር 2016 ለአራት ወር ያራዘመውም ይኸው ምክር ቤት ነው። ከላይ እስከ ታች ባነበው አንቀጽ 93 ውስጥ “ፕሬዝዳንት” የሚል ቃል አላገኘሁም። ያን ሰሞን “ፕሬዝዳንቷ አዋጁን ያንሡልን” የሚል ማመልከቻ ያስጀመሩኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የሚያሰሙት ንግግርስ? መንግሥት የሚሠራው እዚያ የተባለውን አይደለም?

ነው፤ ዕቅዱ ግን የመንግሥት ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ይጀምራል፤ ፕሬዝዳንቱ ይከፍታሉ፤ በንግግራቸው የዓመቱን የመንግሥት አቅጣጫ ያቀርባሉ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። አባላቱ በንግግሩ ላይ ጥያቄ ሲያነሡ መልስ ሊሰጡ የሚመጡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ የድጋፍ ሞሽን የሚጸድቀውም ከዚያ በኋላ ነው።

ልጄ ታስሯል። ይቅርታ ማድረግ ይችላሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከረቂቆቼ መካከል ሄደው መልስ ያገኙ ካሉ እዚህ ላይ ናቸው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገር።

መጀመሪያ ይቅርታንና ምሕረትን መለየት ያስፈልጋል። በአፍ አንድ ናቸው፤ በሕግ አይደሉም። ምሕረት ምክር ቤቱ በአዋጅ የሚሰጠው ነው፤ በሐምሌ 2010 እንደወጣው አዋጅ፣ አንድ ዓይነት ወንጀልን ለብዙ ሰው ይሰርዛል፤ ገና ያልተከሰሰውንም ይነካል። ይቅርታ ግን ፍርዱ የመጨረሻ ለሆነበት፣ ቅጣቱን ለሚፈጽም ሰው ነው። ቅጣቱ ይቀራል ወይም ይቀላል እንጂ “አላጠፋም ነበር” አይባልም።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው በቀጥታ ፕሬዝዳንቱ ጠረጴዛ ላይ አያርፍም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የይቅርታ አዋጅ መሠረት የይቅርታ ቦርድ አለ፤ ቦርዱ ይመረምራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ፕሬዝዳንቱ ይወስናሉ። ታራሚው ራሱ፣ ባሉ ወይም ሚስቱ፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ወኪሉ ወይም ጠበቃው ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ሁሉ በፌዴራል ጉዳይ ለተፈረደበት ነው። በክልል ጉዳይ የተፈረደበት ሰው ጥያቄ በክልሉ የይቅርታ ሕግ በኩል ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ድረስ ትኬት ቆርጦ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ይህን ያልጠየቀው ነው። ስለዚህ አንድ እናት ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቃት የፍርዱን ግልባጭ ነው፤ የየትኛው ፍርድ ቤት ማኅተም እንዳለበት አያለሁ።

ሦስተኛው የእኔ ምክር ነው። በይቅርታ ማመልከቻ ውስጥ “ልጄ ንጹሕ ነው፣ ምስክሮቹ ዋሽተዋል” ብላችሁ አታስጽፉ። እናት እንዲህ ማለቷ ያለ ነው፤ እኔም ቃሉን ሳወጣ ቅር ይለኛል። ያ ግን የይግባኝ ክርክር ነው። ይቅርታ የሚጠየቀው ስለ ጸጸቱ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ጤናው፣ ስላሳለፈው ዘመን፣ ከተበደለው ወገን ጋር እርቅ ወርዶ ከሆነ ስለ እርቁ እየተናገሩ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ገብቶ ደም ያደረቀበት ነገር ካለ፣ የሽማግሌዎቹን ፊርማ አያይዙ።

ይቅርታው ገደብ አለው። አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎችን፣ እንደ ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ማሰቃየትና ሰው መሰወር ያሉትን፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም ይላል። ለርዕሰ ብሔሩ የተተወችላቸው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት፤ በእነዚህ ወንጀሎች ሞት የተፈረደበትን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥ። ቀዳዳዋ በ2003 ዓ.ም. ተሠርቶባታል፤ ፕሬዝዳንት ግርማ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት። በወንጀል ሕጋችን ደግሞ ማንኛውም የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸኑት አይፈጸምም። ከሁሉም ሥራቸው የሚከብደኝ ይህ ነው። ያን ቀን ብዕሩን የሚይዙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

የተሰጠ ይቅርታም ሊመለስ ይችላል። ብርቱካን ሚደቅሳ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ፤ በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ ተመልሰው ታሰሩ፤ በመስከረም 2003 በድጋሚ በይቅርታ ተፈቱ። ኋላ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማውረድ ይችላሉ?

አይችሉም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ተወካዮች ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ነው። ፕሬዝዳንቱ ወደ ሥልጣን ጨዋታው የሚገቡበት አንድ አጋጣሚ ግን አንቀጽ 60 ላይ ተጽፏል። የጣምራ መንግሥት ኖሮ በምክር ቤቱ ያለውን አብላጫ አጥቶ ቢፈርስ፣ ፕሬዝዳንቱ ፓርቲዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ሊጋብዙ ይችላሉ፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል። እስካሁን አልደረሰም። አንድ ቀን ከደረሰ ግን ያን ሳምንት አገሩ ሁሉ የሚመለከተው ወደ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው።

ከወረዱ በኋላ ፖለቲካ ውስጥ መግባት ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 የቀድሞ ፕሬዝዳንት መኖሪያ፣ መኪና፣ አበልና የመሳሰለውን ጥቅም የሚያገኘው ከፓርቲ ፖለቲካ ርቆ ከቆየ ነው የሚል መንፈስ አለው። አዋጁ የወጣው ነጋሶ ጊዳዳ ከገዢው ፓርቲ ጋር ከተጣሉ በኋላ ነው። እርሳቸው በ1997 ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ጥቅማጥቅማቸው ተቋረጠ። ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ አልሆነላቸውም። ይህን ስነግረው አንድ የባጃጅ ሾፌር “ስለዚህ ፕሬዝዳንት ከነበሩ ሰዎች ውስጥ ማመልከቻ ያስፈልጋቸው የነበሩም አሉ ማለት ነው?” አለኝ። አዎ፣ አሉ።

እኛ ክልል ያሉትስ ፕሬዝዳንት?

ባሕር ዳር ፕሬዝዳንት ሞልቷል፤ የዩኒቨርሲቲው አለ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። የክልሉን መንግሥት የሚመሩት ግን ርዕሰ መስተዳድር ናቸው፤ የክልሉ ምክር ቤት ይመርጣቸዋል፤ ሥራቸው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ይመስላል። የገጠር መሬት፣ የወረዳ ሹም፣ የክልል ሠራተኛ ጉዳይ ከሆነ በሩ እዚሁ ከተማ ነው።

ለፕሬዝዳንቱ ደብዳቤ መጻፍ ታዲያ ክልክል ነው?

ክልክል አይደለም። ማንም ይጽፋል። የምትጠይቁት ይቅርታ ከሆነ በቦርዱ በኩል ይሂድ። አስተዳደራዊ በደል ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽንም እንዲሁ። እነዚህ አያስፈልጉኝም፣ ለርዕሰ ብሔሬ ልናገር ብቻ ነው የምፈልገው የሚል ሰው ከመጣ እጽፍለታለሁ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ዋናውን ሰነድ ከቤት አታውጡ፣ ግልባጭ አያይዙ፤ ቀኑን ጻፉ፤ “ለሚመለከተው ተመርቷል” የሚል መልስ ቢመጣ አትዘኑ፣ ከዚያ በላይ ማድረግ አይችሉም።

የዘጌዋ እናት ይህን ሁሉ ሰምተው ወደ ሰበር ለመሄድ ወሰኑ። የሰበር አቤቱታ ቀን ስለሚቆጠርበት ያኔውኑ ጀመርኩላቸው፤ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት አለቀ። “ለክቡር ፕሬዝዳንት” የሚለውን ረቂቅ ከድንጋዩ ሥር ልከተው ስል እጄን ያዙኝ። “እሱንም ወዲህ በለው፣ ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ” አሉና ከፍርዱ ግልባጭ ጋር አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።